«የአክተሩ ቺክ» ስም አላት

ግማሾቻችን ደሴ፣ ግማሾቻችን ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ነው ያደግነው። የሚያመሳስለን የቪዲዮ ቤት አግዳሚ ነው። ደሴ ላይ ለመሞቅ ተጠጋግተን፣ ኮምቦልቻ ላይ በላብ ተጠምቀን የህንድ ፊልም አይተናል። የመጀመሪያው ጥያቄያችን ሁሌም «አክተሩ ማነው?» ነበር። ሻሩክ ከሆነ ሻሩክ፣ ሰልማን ከሆነ ሰልማን። ሴቷስ? ሴቷ «የአክተሩ ቺክ» ናት። አለቀ። ስም የላትም።

ዛሬ ግን ራሳችንን ልንከስ ነው የመጣነው። ያን ሁሉ ፊልም ያስረዳችን ቺኳ ነበረች!

እስቲ አስቡት። ከህንድኛ አንድ ዓረፍተ ነገር አንሰማም። ታዲያ ሦስት ሰዓት ሙሉ ምን ይዞን ቁጭ አልን? ድብድቡ እንዳትሉን፤ እሱ ተደምሮ ሩብ ሰዓት አይሞላም። ታሪኩን የምናነበው ከሴቷ ፊት ላይ ነበር። በ1995ቱ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) «ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ» ካጆል አባቷ ለማታውቀው ሰው ሊድራት መሆኑን ስትረዳ፣ አስተርጓሚ አላስፈለገንም። ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ሲጠፋ አየን፤ ገባን።

ዘፈኑንስ ብትሉ? እሷ እንደምትዘፍን ምለን ተገዝተን ነበር። ለካስ ድምፁ ያኔ ስድሳ ዓመት ያለፋት የላታ ማንጌሽካር ነው፤ ካጆል ደግሞ የ21 ዓመት ልጅ። የሌላን ሰው ድምፅ ከራስ ጉሮሮ የወጣ አስመስሎ ማሳመን ትወና ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ስሪዴቪ በ1989 «ቻልባዝ» ላይ መንታ እህቶችን ሆና ሠራች፤ አንዷ ድንጉጥ፣ ሌላዋ ደፋር። ከመሃላችን «ሁለት ሰዎች ናቸው» ብሎ ተወራርዶ የተበላ አለ። በዚያው ዓመት በወጣው «ቻንድኒ» ደግሞ የስዊዘርላንድ ተራራ ላይ በስስ ሳሪ አስጨፈሯት።

መቼም ሚናው ሁሉ ወርቅ አልነበረም። ስንቱ ፊልም ሴቷን ለዘፈን ጠርቶ፣ ቁምነገሩ ሲመጣ ረስቷታል። ይባስ ብሎ «እምቢ ያለችህን ሴት እየዘፈንክ ከተከተልካት እሺ ትላለች» ብሎ አስተማረን። እኛም ፒያሳ ላይ ሞከርነው። ዘፈኑ ቀርቶ መከተሉ ብቻ ተረፈን። እነዚያ ልጆች መንገድ እየቀየሩ ሲሄዱ ፊታቸው ላይ የነበረውን ማንበብ አቃተን። የካጆልን ፊት ያነበብን ሰዎች!

ትልቁ ጥፋታችን ግን ቤታችን ውስጥ ነው። እህቶቻችን ቪዲዮ ቤት አይገቡም ነበር። ሴት ልጅ እዚያ ከታየች ወሬው ቀድሟት ቤት ይደርሳል። ስለዚህ ማታ ቡና ሲፈላ ተራኪዎቹ እኛ ነን። ድብድቡን በእጅ በእግራችን እናሳያለን፤ የሴቷ ነገር ሲደርስ «ከዚያ አለቀሰች» ብለን እናልፋለን።

የአንዳችን እህት ታዲያ አታሳልፍም። «እንዴት አርጋ አለቀሰች?» ትላለች።

ይሄ ምን ጥያቄ ነው? አለቀሰች አለቀሰች ነዋ!

ከዓመታት በኋላ ቤት ውስጥ «ማዘር ኢንዲያ»ን አብረን አየን። የ1957 ፊልም ነው። ናርጊስ ያኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላትም፤ ግን ከሙሽራነት እስከ አሮጊትነት ተጫውታዋለች። የልጇን የቢርጁን ሚና የያዘው ሱኒል ደት በዕድሜ እኩያዋ ነው፤ በ1958 ተጋብተዋል። ፊልሙን ስታዩ ግን እናቱ መሆኗን አትጠራጠሩም። መጨረሻ ላይ ልጇ የመንደሩን ልጅ ጠልፎ ሊሄድ ሲል፣ እናት ጠመንጃ አንስታ ተኮሰችበት።

እኛ «አክተር አይሞትም!» ብለን ጮህን። የሞተው ሱኒል ደት ነዋ።

እህታችን ግን ዓይኗን ከናርጊስ አልነቀለችም። «ስትተኩስ የመንደሩ እናት ነበረች፤ ስትሮጥ ደግሞ የሱ እናት ሆነች» አለች ቀስ ብላ። እኛ ጥይቱን ነበር ያየነው። እሷ ከጥይቱ በኋላ ያለውን ሩጫ አየች።

«እንዴት አርጋ አለቀሰች?» ማለት ለካስ ይሄ ነው። ስንቱን ፊልም አይተን እኛ ያልጠየቅነውን፣ ደጁን ያልረገጠችው ልጅ ትጠይቅ ነበር። አግዳሚው ላይ ትንሽ ጠጋ ብለን ቦታ ብንለቅላት ኖሮ ብዙ በተማርን ነበር።

ስለዚህ ወዳጆቻችን፣ አንድ ነገር እንለምናችሁ። ቀጣዩን ፊልም ስትከፍቱ፣ የህንድም ይሁን የኛ፣ መጀመሪያ የሴቷን ስም ጠይቁ። ካለቀ በኋላ ደግሞ «አለቀሰች» ብላችሁ አትለፉ። እንዴት አርጋ?