ስለ አራስ እናትና ስለ ጨቅላ ልጅ አጠባበቅ

ለቤተ ሰብ ጉዳይ በተመደበው በዚህ ዓምድ ስለ ቤት ንጽሕናና ስለ ልጆች አስተዳደግ ጥቂት ጥቂት ስንል ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ ከሁሉ ስለሚቀድመው፥ ይኸውም ልጅ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ስለሚደረግለት ጥንቃቄ መናገር ይገባናል። የሀገራችን ሰው «ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላል። ይህ ቃል በዳኛ ፊት ለሚቆም ባለጉዳይ ብቻ የተነገረ ይመስላል እንጂ ለጨቅላ ልጅም የሚሠራ ነው፤ በአያያዝ ጉድለት የሚጠፋ ነፍስ ብዙ ነውና።

ነገሩ ቀላል አለመሆኑን ቍጥር ይመሰክራል። በ2011 ዓ.ም. በሀገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፥ በሕይወት ከተወለዱት ከ1000 ሕፃናት 33ቱ አንድ ወር ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ ታውቋል። ይህም ከ30 ልጅ አንዱ ማለት ነው። ብዙዎቹ የሚሞቱት ያለ ጊዜያቸው በመወለድ፥ በምጥ ጊዜ በመታፈንና በተላላፊ በሽታ ነው። ለዚህ ሁሉ ሐኪምና አዋላጅ የሚሠሩት አለ፤ የቤተ ሰብም ድርሻ አለ። በቤቱ ሊያደርገው የሚችለውን ሳያደርግ የቀረ ሰው በኋላ «ዕድሜው ይህን ያህል ነበረ» ብሎ ቢጽናና፥ ኀዘኑ እውነተኛ ሲሆን ምክንያቱ ግን ጐደሎ ነው።

1ኛ፤ ስለ መጀመሪያው ምግብ። ልጅ እንደ ተወለደ ለጋ ቅቤ ማዋጥ፥ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ መስጠት፥ ሆዱን እንዳይቈርጠው ብሎ የአብሽ ወይም የጤና አዳም ውሃ ማጠጣት በብዙ ቤት የቆየ ልማድ ነው። አያቶች ይህን የሚያደርጉት ክፉ አስበው አይደለም፤ ጕሮሮው እንዲለሰልስ፥ ሆዱም እንዲጠራ ብለው ነው። ዳሩ ግን ጨቅላ ልጅ መዋጥን ገና ያልተማረ ስለ ሆነ ቅቤው ወደ ሳንባው ሊገባበት ይችላል፤ በጣትና በዕቃ ላይ ያለውም ተውሳክ አብሮት ይገባል። ከዚህም በላይ በቅቤና በስኳር ውሃ የጠገበ ልጅ ጡት የመጥባት ፍላጎቱ ይቀንሳል።

ለልጅ የሚገባው የመጀመሪያ ምግብ የእናቱ እንገር ነው። እንገር ቢጫና ወፈር ያለ፥ መጠኑም ጥቂት ስለ ሆነ «የቆየ ወተት ነው» ተብሎ ታልቦ ሲደፋ ይታያል። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከል ኀይል ያለው በዚሁ በእንገሩ ውስጥ ነውና። እንገር ያልጠባ ጥጃ እንደማይጠነክር ከብት አርቢ ሁሉ ያውቃል፤ ለጥጃው ያወቅነውን ለልጃችን ልንዘነጋው አይገባም። ስለዚህ ልጁ በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ፤ ከዚያም ቀንና ሌሊት በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጥባ። እስከ 6 ወር ድረስ ከእናት ጡትና ሐኪም ካዘዘው መድኃኒት በቀር ምንም፥ ውሃም ቢሆን፥ አያስፈልገውም። ማር ደግሞ 1 ዓመት ሳይሞላው በጭራሽ አይቅመስ።

«ጡቴ ባዶ ነው፤ ልጄን አላጠግበውም» እያለች የምትጨነቅ አራስ ብዙ ናት። ወተት በደንብ የሚወርደው አብዛኛውን ጊዜ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነውና እስከዚያ እንገሩ ይበቃዋል። ልጁ ከ5ኛው ቀን በኋላ በቀንና በሌሊት 6 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ከሸና፥ ጠግቦም ከተኛ፥ እየጠገበ መሆኑን ትወቅ። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ክብደቱ ጥቂት ቢቀንስም በ2 ሳምንት ውስጥ የተወለደበትን ክብደት መመለስ አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ። አራሲቱ ይህን ሁሉ ከአዋላጅዋ ሰምታ ብታውቅም፥ አማቷ ቅቤውን በጣታቸው ይዘው ሲመጡ እምቢ ለማለት አፍ የላትም። ሽማግሌን መዳፈር ነውር ነው፤ ልጅን ለአደጋ መስጠትም ከነውር ይበልጣል። ለዚህ የሚበጀው ቀድሞ መነጋገር ነው። መውለጃዋ ሳይደርስ ባልየው ራሱ ወደ እናቱ ቀርቦ ሐኪም ያለውን በአክብሮት ያስረዳ፤ ነገሩን ለሚስቱ ትቶ እርሱ ዝም ማለቱ የቤት አባት ሥራ አይደለም። አራሲቱም፥ «እማማ፥ እጅዎ የተባረከ ነው፤ ቅቤውን ለእኔ ገንፎ ያድርጉልኝ፥ እኔ በልቼው በጡቴ ይደርሰዋል» ብትል ሽማግሊቱ አይከፉም፤ ቅቤውም አይባክንም፤ ልጁም ይተርፋል።

2ኛ፤ ስለ እትብት። እትብት ገና ትኵስ ቍስል ነው። በላዩ እበት፥ አመድ፥ ቅቤ ወይም ቅጠል ማድረግ መንጋጋ ቈልፍ ለሚባለው ገዳይ በሽታና ለሌላም መመረዝ በር መክፈት ነው። የሚቈረጥበት ምላጭ አዲስ፥ የሚታሰርበትም ክር ንጹሕ ይሁን። ከዚያ በኋላ ደረቅና ንጹሕ አድርጎ መተው ይበቃል፤ የጤና ባለ ሙያ ክሎርሄክሲዲን የሚባለውን ቅባት የሰጠ እንደ ሆነ ግን በታዘዘው ልክ ይቀባ፥ ወደ ዓይንም እንዳይገባ ብርቱ ጥንቃቄ ይደረግ። እትብቱ አብዛኛውን ጊዜ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ራሱ ይወድቃል፤ መጐተት አይገባም። ዙሪያው ቢቀላ፥ መግል ቢይዝ ወይም ቢሸት በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

3ኛ፤ ስለ ሙቀትና ስለ መታጠቢያ። ልጅ እንደ ተወለደ በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ፥ ራቁቱን በእናቱ ደረት ላይ ሆኖ በላዩ ጋቢ ይልበስ፤ ራሱም ይሸፈን። ያለ ጊዜው ለተወለደና ለትንሽ ልጅ ይህ የእናት ደረት ትልቅ መድኃኒት ነው። ገላውን ለማጠብ ቢያንስ 24 ሰዓት መቆየት ይገባል፤ በወለዱ ሰዓት ማጠብ ያበርደዋልና። አራስ ቤቱ ይሙቅ ሲባል ግን በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ ማለት አይደለም፤ የከሰል ጢስ እናትንም ልጅንም በእንቅልፋቸው ሊገድል ይችላል። ልጁ በጀርባው ይተኛ፤ ፊቱን በጨርቅ አትሸፍኑበት። «ምች ይመታዋል፥ ዓይን ይበላዋል» ተብሎ ወራት ሙሉ በጨለማ የሚቀመጥ ልጅ ግን አጥንቱ ይለሰልሳል፤ ስለዚህ ጥቂት ሰንብቶ ለስለስ ባለ የጧት ፀሐይ ያውጡት።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት የሚመጣ ጠያቂ የደስታ ምልክት ነው፤ ነገር ግን እጁን ሳይታጠብ ልጁን አይንካ፥ የሚያስለው ሰውም ከደጅ ሆኖ ይጠይቅ። ይህን በትሕትና የሚያስታውቅ አንድ ሰው ከቤቱ ይመደብ።

4ኛ፤ ስለ አደጋ ምልክቶች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደሚባለው፥ ከሚከተሉት አንዱ በልጁ ላይ ቢታይ ሌሊትም ቢሆን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል፤ ጡት መጥባት ሲያቅተው፥ ሲያንቀጠቅጠው፥ ሰውነቱ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲተኵስ ወይም ከ35.5 በታች ሲቀዘቅዝ፥ በ1 ደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ሲተነፍስ፥ ሲተነፍስ የደረቱ ሥር ሲሰረጕድ፥ ካልነኩት በቀር የማይንቀሳቀስ ሲሆን፥ በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ቢጫ ሲሆን ወይም መዳፉና የእግሩ ውስጥ ቢጫ ሲሆን። ጨቅላ ልጅ በሰዓታት ውስጥ የሚደክም ነውና «እስቲ እስከ ነገ እንየው» ማለት አይገባም።

እናቲቱም አትረሳ። ብዙ ደም ሲፈሳት፥ ሲያተኵሳት፥ ብርቱ ራስ ምታት ሲይዛትና ዓይኗ ሲፈዝ፥ ወይም ፈሳሿ ሲሸት እንዲሁ ወደ ሐኪም ትወሰድ። ልቧ ከብዶ ማልቀሷ ከ2 ሳምንት ቢያልፍ «ጠባይ ነው» ተብሎ አይተው፤ ይህም የሚታከም ሕመም ነው። ገንፎውና አጥሚቱ መልካም ነው፤ በዚያ ላይ ጥራጥሬ፥ ጐመን፥ እንቍላልና ፍራፍሬ ይጨመርላት። ሁለቱም በመጀመሪያው 24 ሰዓት፥ በ3ኛው ቀን፥ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜና በ6ኛው ሳምንት በጤና ባለ ሙያ ይታዩ። ልጁም እንደ ተወለደ የሳንባ ነቀርሳና የፖሊዮ ክትባት ይቀበል፤ ቀጥሎም በ6ኛው፥ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ቀኑን ጠብቆ ይከተብ።

እኛ ዘወትር የሕግ መጽሐፍ የምንገልጥ ሰዎች ስለ ሆንን አንድ ነገር እንጨምራለን። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561፥ እትብትን በእበት መበከል፥ ጨቅላን ከፀሐይ ብርሃን መከልከል፥ ቅቤ ማዋጥ፥ እንጥል መቍረጥ፥ ግግ ማውጣት፥ ልጅን ከክትባት መከልከል በየስማቸው ተጠቅሰዋል፤ በዚህም ምክንያት ሕፃን የሞተ እንደ ሆነ አድራጊው በመቀጮ ወይም ከ3 ወር እስከ 1 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት እንዲቀጣ ተደንግጓል። አያትን በልጅ ልጇ ሞት ከዳኛ ፊት ማቆም የማንም ምኞት አይደለም። ስለዚህ በምክር የሚቀናው ነገር ወደ ፍርድ ሳይደርስ በየቤቱ ይቅና።

የተከበራችሁ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ዝም አትበሉ፤ ማንበብ ለማይችሉት እናቶቻችሁ፥ ለሞግዚቶችና ለቤት ሠራተኞች ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላቸው። አንድ ሰው ሲሾም እልል እንላለን፤ አንድ ልጅ ወሩን ጨርሶ በእናቱ ጀርባ ሲታዘልም ለሀገር ከዚያ ያላነሰ ሹመት ነው።