ርዕሰ አንቀጽ፦ ኮሜንት የጻፈ ሰው ደጃችን የመጣ እንግዳ ነው



እንደሚታወቀው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከሠፈራችን ወጣቶች መካከል የዩቲዩብ ቻናል ከፍተው የጥምቀትን በዓል ከፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር፣ የአዝማሪውን ጨዋታ፣ የጠላውን አጠማመቅ፣ የደባርቅንና የስሜንን ተራራ እየቀረጹ የሚያሳዩ በርክተዋል። አንዳንድ ወላጆች «ስልክ ላይ ተጥዶ መዋል» ይሉታል። እኛ ግን ሥራ ነው እንላለን። ሥራ ከሆነ ዘንድ ደግሞ እንደ ሸማውም እንደ ንግዱም ወግና ደንብ ሊኖረው ይገባል።

ይህን እንድናነሣ ያደረገን ከቪዲዮው ሥር ባለው የኮሜንት ቦታ የምናየው ነገር ነው። ተመልካች ለማብዛት ሲባል ሰው በደከመበት ቪዲዮ ሥር እየዞሩ «የኔንም ቻናል ሰብስክራይብ አድርጉ» ብሎ መለጠፍ ልማድ ሆኗል። «ሰብስክራይብ ካደረግኸኝ አደርግሃለሁ» የሚባል ውልም አለ። ከሁሉ የባሰው ግን ኮሜንት እንዲጎርፍ ብሎ ሆን ብሎ ጠብ መጫሩ ነው።

እስቲ ጎበዝ፣ ነገሩን በሒሳብ እንየው። ዩቲዩብ ከማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ 1,000 ሰብስክራይበርና ባለፉት 12 ወራት ውስጥ 4,000 ሰዓት የታየ ቪዲዮ ነው። ለአጫጭር ቪዲዮ የተለየ መለኪያ አለው። 4,000 ሰዓት ማለት 240,000 ደቂቃ ነው። አንድ ሰው በአማካይ 4 ደቂቃ ቢያይ 60,000 ጊዜ መታየት አለበት ማለት ነው። በውለታ የተመዘገበ ሰው ስሙን ይሰጣል እንጂ ቁጭ ብሎ አያይም። እንዲህ ያለውን ልውውጥ ደግሞ ድርጅቱ በደንቡ ከልክሎታል፤ ተመሳሳይ ኮሜንት በየቦታው መለጠፍንም እንዲሁ። በ2021 እ.ኤ.አ. ድርጅቱ ቪዲዮን ለሰው የሚያቀርብበትን መንገድ ሲያስረዳ የጠቀሰው፣ ሰው መክፈቱን፣ ምን ያህል ጊዜ ማየቱን፣ ለመጠይቅ የሰጠውን መልስ፣ ማጋራቱን፣ መውደዱንና መጥላቱን ነው። ስለዚህ የኮሜንት ጥቅም ብዛቱ ላይ አይደለም፤ ተመልካቹ ምን እንደሚፈልግ መናገሩና ተመልሶ እንዲመጣ ማድረጉ ላይ ነው።

ይህ ለጎንደር ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ዝም ብሎ አይሰማም፤ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪውም ከማሲንቆው ጋር ተቀብሎ ይመልስለታል። ግጥሙ የተመለሰለት ሰው በሌላ ቀን ጓደኛውን ይዞ ይመጣል። ግጥም እየተሰጠው ዝም የሚል አዝማሪ ግን ቤቱ ባዶ ይቀራል። ኮሜንትም «ተቀበል» ነው።

ስለዚህ ለወጣቶቻችን የምንመክረው ይህን ነው፦

1ኛ/ ቪዲዮው በወጣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቁጭ ብላችሁ መልሱ። ጎንደር ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ቀትር ገደማ ነው፤ እስራኤል ያለው ወገን ደግሞ ከኛ ጋር አብሮ ያመሻል። መልሱ «እናመሰግናለን» ብቻ አይሁን፤ የጠየቀውን መልሱለት።

2ኛ/ «ኮሜንት አድርጉ» ብላችሁ አትለምኑ፣ ሰው የሚያውቀውን ጠይቁ። «በእናንተ አገር ጌሾው ስንት ቀን ይቆያል?» ቢባል እናቶቻችን ሁሉ መልስ አላቸው። ጥያቄውን ራሳችሁ ጽፋችሁ ከላይ እንዲቀመጥ ፒን አድርጉት።

3ኛ/ የተደጋገመውን ጥያቄ በደብተር መዝግቡ፤ የሚቀጥለው ቪዲዮ እሱ ነው። ስትሠሩትም «እከሌ በጠየቁን መሠረት» በሉ።

4ኛ/ በሌላ ሰው ቪዲዮ ሥር ስትጽፉ ቁም ነገር ጨምሩ፤ ቦታውን፣ ታሪኩን፣ የጎደለውን። ጽሑፉን የወደደ ሰው ስማችሁን ተጭኖ ወደ ቻናላችሁ ራሱ ይመጣል።

5ኛ/ ስድብ ያዘለው ቃል ሳይታይ እንዲያዝ የሚያደርግ ማስተካከያ ቻናሉ ላይ አለ፤ ተጠቀሙበት።

ስለ መጨረሻው ጥቂት እንጨምር። በዘርና በሃይማኖት ስም የተጻፈ ስድብ ለአንድ ሌሊት ተመልካች ያመጣ ይሆናል። ነገር ግን «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ነው፤ የተጻፈውንም የሚያነበው እዚሁ ውኃ የምንቀዳዳ፣ አንድ ዕድር ላይ የምንቀመጥ ጎረቤት ነው። ክልላችን ባሳለፈው መከራ ላይ እንጨት መጨመር ሥራ ሊባል አይችልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185ም የጥላቻ ንግግርን እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። የለቅሶ ቤትን፣ የታመመን ሰው ወይም የሰው ልጅን ያለ ፈቃድ ቀርጾ ለኮሜንት ማጋለጥም ነውር መሆኑን ለመናገር አዋጅ አያስፈልገንም።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ቻናል ያለው ሁሉ ዝም ማለቱን እናስታውሳለን። መስመሩ ሲከፈት «የት ጠፋችሁ?» ብሎ ፈልጎ የሚመጣው፣ በስሙ ተጠርቶ መልስ የተሰጠው ተመልካች ነው። በጠብ የተሰበሰበማ ሌላ ጠብ ፍለጋ ሄዷል።

እኛ ነዋሪዎችስ? የልጆቻችንን ቪዲዮ አይተን በሆዳችን ይዘን የምንቀር ብዙ ነን። ልጁ የቀረጸው የአያቶቻችንን ሙያ ከሆነ የተሳሳተውን በጨዋ ቃል እናርመው፣ ያላወቀውን እንንገረው። መጻፍ የማይችል ሽማግሌ ቢኖር የልጅ ልጁ ይጻፍለት። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ ከያንዳንዳችን አንድ ቁም ነገር ቢጻፍ ለልጁ እንጀራ፣ ለሠፈሩም የታሪክ ማኅደር ይሆናል።

ከዚህ ሰሌዳ ፊት ቆማችሁ ያነበባችሁ ሁሉ፣ ማንበብ ላልቻለው እንድትነግሩልን አደራ እንላለን።

ቸር ያሰንብተን።

የዝግጅት ክፍሉ