የሸጎሌው አውቶቡስ ከየትኛው መዝገብ ይግባ?

ሸጎሌ ካለው ዴፖ በየማለዳው የሚወጡትን የከተማ አውቶቡሶች የማያውቅ ጓደኛ በመካከላችን መቸም አይገኝም። ከቲኬት የሚሰበሰበው ገንዘብ ወጪያቸውን ስለማይሸፍን የከተማው አስተዳደር ይደጉማቸዋል። ለመሆኑ ይህ ድጎማ ምን ተብሎ ይመዝገብ? አውቶቡሱ ሕዝቡን ወደ መርካቶ ሲያመላልስ የትራንስፖርት ወጪ ነው። ያው አውቶቡስ ተማሪዎችን ብቻ ወደ ትምህርት ቤት እንዲያመላልስ ቢመደብ ግን የትምህርት ወጪ ይሆናል። ነዳጁ ያው፣ ሾፌሩ ያው፣ መዝገቡ ሌላ።

ይህን እኛ አልፈጠርነውም። እ.ኤ.አ. በ1999 በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀው የመንግሥት ወጪ አመዳደብ ወጪን በ10 ክፍል የሚለየው «ማን አወጣው?» ብሎ ሳይሆን «ለምን ተግባር ዋለ?» ብሎ ነው። የጦር ሠራዊቱ ቋሚ ሆስፒታል ከመከላከያ ወጥቶ ከጤና ይገባል፤ ጦር ሜዳ የሚተከለው ግን እዚያው መከላከያ ይቀራል። እኛ በየቀኑ በካፌ የምንቆርሰው እንጀራም፣ ወጡ ቢቀጥንም፣ ትምህርት ነው።

የአገራችን በጀት ሲጸድቅ የምንሰማው ሌላ ቋንቋ ነው። ለ2018 ዓ.ም. የጸደቀው 1.93 ትሪሊዮን ብር የፌዴራል በጀት የተነገረን ለመደበኛ፣ ለካፒታል፣ ለክልሎች ድጋፍና ለዘላቂ ልማት ግቦች ማስፈጸሚያ እየተባለ ነው። በበጀቱ ውስጥ አስተዳደር፣ ኢኮኖሚ፣ ማኅበራዊና «ሌሎች» የሚል ክፍፍል አለ፤ ነገር ግን እርሱም በአብዛኛው የሚከተለው መሥሪያ ቤቱን እንጂ ተግባሩን አይደለም። የክልል መምህር ደመወዝ ከድጋፉ ውስጥ ተሸፍኖ ይቀራል። ፌዴራሉን ብቻ ካየን፣ በዓለሙ ደንብ ይህ ድጋፍ «ጠቅላላ የመንግሥት አገልግሎት» ይባላል፤ ትምህርት ሆኖ የሚታየው የክልሎቹ ሒሳብ አብሮ ሲደመር ነው። የሸጎሌው መምህርማ ከድጋፉም የለበትም፤ አዲስ አበባ በአብዛኛው በራሷ ገቢ ትተዳደራለችና።

እንግዲህ በዶርም «ለመከላከያ ይበልጣል ለትምህርት?» እያልን እስከ እኩለ ሌሊት የምንሟገተው መልስ በሌለው ወረቀት ላይ ነው።

ስያሜ ክሊኒክ አይሠራም የሚሉን አሉ። እውነት ነው። ግን ክሊኒኩ የጎደለው ገንዘብ ጠፍቶ ነው ወይስ ገንዘቡ ለሌላ ውሎ፣ በምን እንለያለን?

ስለዚህ የገንዘብ ሚኒስቴር የፌዴራሉን፣ የክልሎቹንና የከተሞቹን ወጪ ደምሮ በ10ሩ ተግባር በየዓመቱ እንዲያወጣልን እንጠይቃለን፤ የታቀደውን ብቻ ሳይሆን በእውነት የወጣውን። የኢኮኖሚክስ መምህሮቻችንም የባዕድ አገር ሠንጠረዥ ከሚያስገለብጡን የጉለሌን ክፍለ ከተማ ሒሳብ ያስደልድሉን። ለሥራው ፈቃደኞች ነን፤ መዝገቡ ይከፈትልን።