መርፌው የሚገባው ሳንባ ውስጥ አይደለም

በውስጥ ደዌ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ሐኪሙ «ውሃው ይቀዳ» ብሎ ባዘዘ ቁጥር ኮሪደሩ ላይ የቤተሰብ ጉባኤ ይቀመጣል። አጎት «ውሃው የተቀዳለት ሰው አይተርፍም» ይላሉ። እናት እጄን ይዘው «ሲስተርዬ፣ ሳንባውን ልትበሱት ነው?» ይሉኛል። ሐኪሙ ግን «ፈርሙ» ብሎ ወደሚቀጥለው አልጋ አልፏል። እኔ የምወቅሰው ቤተሰቡን አይደለም።

ሳንባን ሁለት ስስ ሽፋኖች ይከቡታል። አንዱ ሳንባው ላይ ተለጥፎ ይኖራል፤ ሌላው የደረትን ግድግዳና ድያፍራምን ከውስጥ ያለብሳል። በጤና ጊዜ በመካከላቸው ያለው ፈሳሽ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ብዙም አይበልጥም፤ እንደ ሁለት እርጥብ መስታወቶች ሳይላቀቁ ይንሸራተታሉ። ውሃ የሚቋጥረው ይህ መካከል ነው።

የውስጠኛው ሽፋን ውጋት አያውቅም፤ የውጨኛው ነው የሚያሳብደን። ድያፍራሙ ላይ ያለው ክፍል ሲቆጣ ሕመሙ ትከሻ ላይ ስለሚሰማ፣ ትከሻውን በቅቤ ሲታሽ ሰንብቶ የሚመጣ አለ። ከሁሉ የሚያታልለው ግን ውሃው ሲበዛ ነው። ሽፋኖቹ ስለሚራራቁ ውጋቱ ቀለል ይላል፤ ቤት ውስጥ «ፌጦው አዳነው» ይባላል። ከዚያ ትንፋሽ ማጠር ይከተላል።

ሲቀዳ ሕመምተኛው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ትራስ አቅፎ ያጎነብሳል። ጀርባው በማደንዘዣ ይወጋል። መርፌው የጎድን አጥንቱን የላይኛውን ጠርዝ ታክኮ ይገባል፤ ደም ሥሩና ነርቩ በታችኛው ጠርዝ ሥር ስለሚያልፉ ነው። ውሃው ጋ ሲደርስ ይቆማል። አደጋ የለውም አልልም፤ አልፎ አልፎ አየር ሊገባ ይችላል፤ ቦታውን በአልትራሳውንድ አይቶ መቅዳት የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ተቀድቶ ሞተ የሚባለውን ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው ውሃውን ያመጣው በሽታ ነው።

በአገራችን ወጣቶች ላይ ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ ቲቢ ነው። በ6 ወር መድኃኒት ይድናል፤ መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል። ፍርሃት ያስቀረው የተቀዳው ውሃ ምርመራ ግን ይህን ሁሉ ያዘገያል።

ሐኪሞቻችን፣ ከማስፈረማችሁ በፊት በፈቃድ ወረቀቱ ጀርባ ላይ ሁለቱን ሽፋኖች በእስክሪብቶ ስላችሁ መርፌው የት እንደሚቆም ለቤተሰቡ አሳዩ።