«ዛሬ ምን አየሽ?»

የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። ቢሯችን ውስጥ በየሳምንቱ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ፦ ሰው ማስታወቂያችን ላይ ስንት ሰከንድ ቆየ?

በቅርቡ ለዘመድ ሰርግ መካነ ሰላም ሄጄ ነበር። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ስነቃ፣ አብራኝ የተኛችው የ16 ዓመቷ የወንድሜ ልጅ ብርድ ልብሷን ተከናንባ ስልኳን ታያለች። ምን እንደምታይ ስጠይቃት አዞረችልኝ። ቲክቶክ ላይ አንዲት እኩያዋ አዲስ የተሠራላትን መኝታ ክፍል ታስጎበኛለች። «እኔ እኮ ምንም የለኝም፣ አክስቴ» አለችኝ። ቀን ሰርጉ ላይ ስትጨፍርና ስትስቅ የዋለችው ልጅ ናት።

መተግበሪያው የሚቆጥረው ቪዲዮው ላይ መቆየቷን ነው፤ ተደስታ ይሁን ከፍቷት አይለይም። ስለቆየች ያንኑ የመሰለ ይደግምላታል። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ በወጡ የፌስቡክ የውስጥ ሰነዶች ላይ፣ ከተጠየቁት ልጃገረዶች 32 በመቶዎቹ ስለ ሰውነታቸው መጥፎ ስሜት ሲሰማቸው ኢንስታግራም እንደሚያባብስባቸው ተናግረው ነበር። በ2023 ደግሞ የአሜሪካ ሰርጅን ጀነራል የነበሩት ዶክተር ቪቬክ መርቲ፣ በቀን ከ3 ሰዓት በላይ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚያሳልፉ ታዳጊዎች የጭንቀትና የድብርት ስጋታቸው እጥፍ መሆኑን አሳስበዋል። ጥፋቱ ሁሉ የስልኩ ነው ማለት ግን አይደለም፤ የተጨነቀ ልጅም ወደ ስልኩ ይሸሻል።

ጠዋት ለወንድሜ ስነግረው «ስልኩን መቀማት ነው!» አለ። እዚህ አገር ግን ይህ ሳይፈለግ ተሞክሯል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። ያኔ እንዴት ነበርሽ ብዬ ልጅቷን ጠየቅኳት። «እንቅልፌ ተስተካክሎ ነበር። ግን ትምህርትም ተቋረጠ፤ ጓደኞቼ የት እንደገቡ እንኳ አላውቅም ነበር። በጣም ከፋኝ» አለች። ስልኩ ሲኖርም ሳይኖርም ክፋቷን ለብቻዋ ነው የያዘችው። የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ከመቀማት በፊት እነዚህን ይሞክሩ። ማታ የቤተሰቡ ስልክ በሙሉ፣ የእርስዎም ጭምር፣ ሳሎን ቻርጅ ይደረግ፤ ልጅ ከሁሉ በፊት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ቡና ሲፈላ «ስንት ሰዓት ስልክ ላይ ቆየሽ?» ከማለት ይልቅ «ዛሬ ምን አየሽ?» ብለው ይጠይቁ፤ የምትለውንም ሳይቆጡ ይስሙ። የሚያስከፋትን ቪዲዮ ተጭና በመያዝ «አልፈልገውም» የሚለውን እንድትመርጥ ያሳዩዋት። ልጅዎ ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍና ምግብ ካጣ፣ ከጓደኞቹ ከራቀ፣ የጤና ባለሙያ ያማክሩ። መኖር አስጠልቶኛል ካለ ግን አንድ ቀንም አይጠብቁ።

ወንድሜ ስልኩን አልቀማትም። በማግስቱ ቡና ላይ ትንሽ እያፈረ «እስቲ ያቺን ልጅ አሳዪኝ» አላት። አብረው አዩት። «ይሄ ሁሉ መብራት ለአንድ ክፍል ነው?» ሲል እሷም ሳቀች። ከዚያ ግን ስልኩን አስቀምጣ፣ ስለ ራሷ ክፍል፣ ስለ ጓደኞቿ፣ ስለ ፈተናው ታወራው ጀመር። ሦስተኛው ቡና ሲቀዳ ገና አልጨረሱም ነበር።