የካኮን መንገድ ማንን ጠየቃችሁ?

«የትኛውን ትመርጣለህ? ሀ. ጠባብ ዱካ፣ ለ. ሰፊ መንገድ፣ ሐ. ዝላይ ያለበት ቁልቁለት።» ሰሞኑን እንዲህ ያለ መጠይቅ ስልኬ ላይ ደረሰኝ። የላከልኝ ወዳጄ ነው፤ ካኮ ዙሪያ፣ ከቀይ አፈር ወደ ጂንካ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ባሉት ኮረብታዎች ላይ፣ የተራራ ብስክሌት ዱካ ቢኖር ብሎ ያልማል። ስለ ፍጥነት ጠየቀኝ፣ ስለ ርዝመት ጠየቀኝ፣ ብስክሌቴ ስንት ማርሽ እንዳለው ሳይቀር ጠየቀኝ። «ዛሬ በዚያ ዱካ የሚሄደው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ግን እስከ መጨረሻው ፈልጌ አጣሁ።

ሳይክል እወዳለሁ። መጠይቅም አልጠላም። ጀማሪ ምን እንደሚያስፈራው፣ ሰው ከከተማ ስንት ኪሎ ሜትር ርቆ ለመንዳት ፈቃደኛ እንደሆነ ከብስክሌተኛው በቀር የሚነግርህ የለም። ግን ብስክሌተኛ የማይመልሰው ጥያቄም አለ። እ.ኤ.አ. በ1988 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የተራራ ብስክሌት ማኅበር ለዱካ ሠሪዎች ከሚመክራቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው፦ የዱካው ዘንበልታ ከኮረብታው ዘንበልታ ግማሽ አይብለጥ፤ ከበለጠ ውሃው ዱካውን ቦይ አድርጎ ይወርድበታል። ይህ ምክር ድምፅ ተሰጥቶበት የመጣ አይደለም፤ አፈርና ውሃ ታይቶ ነው። ድምፅ ስጡ ብትሉንማ አብዛኞቻችን ቀጥ ያለውን ቁልቁለት እንመርጥ ነበር። እኔም። ከዚያ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ዝናቡ ሲወርድ በጎማ የታረሰው አፈር ወደ ማን ማሳ እንደሚሄድ አስቡት።

እስቲ ሰኞን እንይ። ሰኞ የካኮ ገበያ ነው። በና ከቆላው፣ አሪ ከደጋው ይመጣል። ማር በቅል፣ እህል፣ ቅቤ፣ ፍየል፣ የቡና ገለፈት ሁሉ በእግር ነው የሚገባው። ሴቲቱ የተሸከመችው ጀርባዋን አጉብጧታል፤ ቀና ብላ ከፊቷ የሚመጣውን አታይም። ፍየል ደግሞ «ቀኝህን ያዝ» አይባልም፤ መንገዱን ሞልቶ ነው የሚሄደው። በዚህ መሃል አንዱ ወጣት ፍሬኑን ለቆ ከላይ ሲመጣ ማን ይሰበራል? እነዚያ ዱካዎች ዝም ብለው የተጠማዘዙም አይደሉም። አንዱ ጥላ ይከተላል፣ አንዱ ወደ ውሃ ይወርዳል፣ አንዱ ቀፎ በተሰቀለበት ዛፍ ሥር ያልፋል። በና በማር የታወቀ ነው፤ ዛፉ ላይ ያለው ቀፎ ባለቤት አለው። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባል የለ?

«ዳታ ይኑረን» የምትሉ ወገኖቼ፣ ዳታው ከየት እንደሚመጣ እንነጋገር። መጠይቁ በእንግሊዝኛና በአማርኛ ነው፤ ካኮ ገበያ ላይ የምትሰሙት የበናና የአሪ ቋንቋ ነው። መጠይቁ ስልክ ይፈልጋል፣ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ስትራቫ የተባለው መተግበሪያ ደግሞ ሰዎች የሄዱበትን መስመር በካርታ ላይ አብርቶ ያሳያል፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮም መረጃውን ለከተማ ፕላን ባለሙያዎች በነፃ ይሰጣል። ጥሩ። ግን መስመሩ የሚበራው መተግበሪያውን ከፍቶ ለሚሄድ ሰው ነው። ማር ይዞ ለሚሄድ አይበራም። ካርታው ላይ ጨለማ ያየ ፕላነር «እዚህ ማንም የለም» ብሎ መስመሩን ያሰምራል፤ መንገዱን ግን የእነዚያው የማይታዩት ሰዎች እግር ነው የሠራው።

ሩቅ አገር አልሄድም። የእንጦጦን አቀበት ለአሥርት ዓመታት የባሕር ዛፍ ሸክም አዝለው የወረዱበት ሴቶች ናቸው። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው ፓርክ ዛሬ ብስክሌት የሚነዳበት ነው፤ ደስ ይላል፣ አየሩም ልዩ ነው። እዚያ የሚነዳውን ሰው «ዱካው ተመቸህ?» ብትሉት «በጣም» ይላችኋል። እንጨት የምትሸከመዋ ሴት ግን በዚያ ጥያቄ ውስጥ ቀድሞውኑ የለችም። እንግዲህ መልሱ ቢያምርም ምን ይነግረናል?

ወዳጄ መልስ አለው፦ ቱሪስት ይመጣል፣ ገንዘብ ይገባል። እውነት አለው። እንዲያውም ከእሱ በላይ ልሟገትለት። ዛሬ ፈረንጁ በላንድክሩዘር ይመጣል፣ ገበያው መሃል ሁለት ሰዓት ፎቶ ያነሳል፣ አቧራውን አስነስቶ ይሄዳል። በሳይክል የመጣ ሰው ይደክመዋል፣ ይጠማዋል፣ ማር ይገዛል፣ ምናልባትም ያድራል። ይሄኛው እንግዳ ይሻላል። ነገር ግን በማን ደጅ እንደሚያልፍ የሚወስኑት ባለደጆቹ ይሁኑ፤ ከገንዘቡም የሚደርሳቸው አስቀድሞ ይታወቅ።

ስለዚህ መጠይቁን አልሞላሁም፤ ለወዳጄ የላክሁለት መልስ ሌላ ነው። ሰኞ ጠዋት ወደ ካኮ በሚያስገቡት ዱካዎች አፍ ላይ ሰው አቁም፤ አላፊውን፣ ሸክሙን፣ ከብቱን ይቁጠር። አንዴ በበጋ፣ አንዴ በሚያዝያ ዝናብ። ሽማግሌዎቹንና ሴቶቹን ለየብቻ፣ በቋንቋቸው፣ ቁጭ ብለህ ጠይቅ። ከዚያ የተረፈ መስመር ካለ፣ ያኔ እኛ ብስክሌተኞች ጠባቡን ከሰፊው እንምረጥ። ለባለመንገዶቹ በምታቀርበው ጥያቄ ላይ ደግሞ ከሀ፣ ለ፣ ሐ ቀጥሎ አንድ ምርጫ ጨምር፦ መ. በዚህ አትለፉ።