ያልተመረመረው ወገን፦ አንድ የስፐርም ኢንዛይምና የሀዋሳ ምርምር

አንዲት ባለትዳር ዓመት፣ ሁለት ዓመት ቆይታ ካላረገዘች፣ በሀዋሳም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ጥያቄው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚቀርበው ለእሷ ነው። ጸበል ወይም ጸሎት ቤት የምትመላለሰው፣ የባህል መድኃኒት የምትጠጣው፣ በመጨረሻም የማህፀን ሐኪም ዘንድ ተራ የምትይዘው እሷ ናት። ባልየው የሚመረመረው፣ ከተመረመረም፣ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ካለቀ በኋላ ነው። ልጅ በማይፈለግበት ጊዜም ሸክሙ ቦታውን አይለውጥም፤ ክኒኑ፣ መርፌውና በክንድ የሚቀበረው መከላከያ ለሴት የተዘጋጁ ሲሆኑ፣ ለወንድ የቀረቡት ኮንዶምና ቫዜክቶሚ ናቸው። ስለ አንድ ኢንዛይም ባለፉት ሃያ አምስት ዓመታት የተከማቸው ዕውቀት ይህን ልማድ በሁለቱም በኩል የሚፈታተን ስለሆነ፣ በሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ምርምር ውስጥ ቦታ ሊሰጠው ይገባል።

ኢንዛይሙ ሟሚ አዴኒሊል ሳይክሌዝ ይባላል። ተግባሩ ኤቲፒን ወደ ሳይክሊክ ኤኤምፒ መለወጥ ነው። ሳይክሊክ ኤኤምፒ በሕዋስ ውስጥ መልእክት የሚያደርስ ትንሽ ሞለኪውል ሲሆን፣ ያገኘው ኧርል ሰዘርላንድ ስለ ሆርሞኖች አሠራር ባደረገው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1971 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። አብዛኞቹ የዚህ ቤተሰብ ኢንዛይሞች በሕዋስ ሽፋን ላይ ተተክለው ከሆርሞን የሚመጣን ትእዛዝ ይጠብቃሉ። ሟሚው ግን በሕዋሱ ውስጥ ይገኛል፤ የሚያነቃውም ባይካርቦኔት ነው። ስፐርም በኤፒዲዲሚስ ተከማችቶ ሳለ በዙሪያው ያለው ባይካርቦኔት ጥቂት ስለሆነ እምብዛም አይንቀሳቀስም። ባይካርቦኔት ከበዛበት የዘር ፈሳሽ ጋር ሲገናኝ ኢንዛይሙ ይነቃል፤ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ይበዛል፤ ፕሮቲን ካይኔዝ ኤ ሥራ ይጀምራል፤ ጭራውም በፍጥነት መምታት ይጀምራል። ስፐርሙን በሴቷ አካል ውስጥ ለማዳቀል የሚያበቃው ለውጥም በዚሁ መንገድ ይመራል።

ማስረጃው ጠንካራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት ይህ ዘረመል የተወገደባቸው ወንድ አይጦች ስፐርም ቢያመርቱም፣ ስፐርሙ ወደፊት መዋኘት ስላልቻለ መካን ሆኑ፤ ሴቶቹ ግን ወለዱ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ በዚሁ ዘረመል ላይ ጉድለት የተገኘባቸው ሁለት መካን ወንዶች ተገለጹ። ስፐርማቸው በቤተ ሙከራ ወደ ሕዋስ መግባት የሚችል የሳይክሊክ ኤኤምፒ ዓይነት ሲጨመርለት ተንቀሳቀሰ። እ.ኤ.አ. በ2023 በኒው ዮርክ የዌይል ኮርኔል ተመራማሪዎች ኢንዛይሙን የሚያግድ ውህድ ለወንድ አይጦች አንድ ጊዜ ሰጥተው፣ ስፐርማቸው ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል እንደሚቆምና በማግስቱ እንደነበረ እንደሚመለስ አሳዩ። ይህ ለሰው የሚሰጥ መድኃኒት ገና አልሆነም። ኢንዛይሙ በኩላሊትና በዓይን ውስጥም ስለሚሠራ የጉዳቱ መጠን በጥንቃቄ መመዘን አለበት። ሆኖም ወንዱ በወሊድ መቆጣጠሪያ በኩል ሊጋራው የሚችል ኃላፊነት እንዳለ ያመለክታል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት ስፐርም መኖሩ ብቻ በቂ አለመሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተመው መመሪያ ዝቅተኛው ማመሳከሪያ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ስፐርም ሲሆን፣ ከዚሁ ጎን ቢያንስ 42 በመቶው የሚንቀሳቀስ መሆን እንዳለበት ተቀምጧል። ቁጥሩ ሞልቶ እንቅስቃሴ የሌለው ስፐርም ሳይታወቅ ከቀረ፣ ሚስት ለማይመለከታት ጉድለት ስትታከም ትኖራለች።

አንድ ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። በኢትዮጵያ ኢንፌክሽን የዘጋው የማህፀን ቱቦ እያለ፣ እጅግ ጥቂት ሰዎችን ስለሚነካ የዘረመል ጉድለት ማውራት ቅንጦት ነው ሊባል ይችላል። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ያንን ብርቅ ጉድለት በሀዋሳ ማደን ቀዳሚ ሥራ ሊሆን አይገባም። ቀዳሚው ሥራ ኢንዛይሙ የጠቆመውን ተግባር መለካት ነው። ለዚህም ማይክሮስኮፕ፣ ሙቀቱ በ37 ዲግሪ የሚጠበቅ ሳህን፣ ባይካርቦኔት ያለውና የሌለው መፍትሔ፣ እንዲሁም ሠልጥኖ በጥንቃቄ የሚቆጥር ሰው ለመነሻ ይበቃሉ።

በዚህ ረገድ ሀዋሳ የተለየ ዕድል አላት። እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተው የግብርና ኮሌጅና የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጁ ዛሬ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር ናቸው። በሰው ሠራሽ ዘዴ ከብት በሚዳቀልበት ሥራ፣ ከፈሳሽ ናይትሮጅን የወጣ የኮርማ ዘር እንቅስቃሴው በማይክሮስኮፕ መታየቱ የሙያው ደንብ ነው። ላሟ ሳትወቀስ አስቀድሞ ኮርማው ይፈተሻል። ለኮርማ የተለመደው ጥያቄ ለባል አለመለመዱ ሊያስቆጭ ይገባል። የእንስሳት ሳይንስ ተማሪው በኮርማ ዘር ላይ የሚያጠራውን አሠራር የሕክምና ተማሪው ወደ ክሊኒክ ሊያሻግረው ይችላል።

ጥድፊያ ግን ይህን ሥራ ያበላሸዋል። የሀዋሳ ሐይቅና የስምጥ ሸለቆ ብዙ ውኃዎች ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይበዛባቸዋል። ኢንዛይሙም በባይካርቦኔት የሚነቃ በመሆኑ፣ ውኃውንና መካንነትን በአንድ መጠይቅ ለማያያዝ የሚቃጣው ተማሪ አይጠፋም። የደም ባይካርቦኔት ግን በሳንባና በኩላሊት ቁጥጥር በጠባብ ወሰን የሚጠበቅ ነው። አሠራሩን ያልተከተለ ግንኙነት ቁጥር ቢኖረውም ዕውቀት አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ2019 በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከተከፈተ ወዲህ፣ በመንግሥት ተቋም ደረጃ ከማህፀን ውጭ የማዳቀል ሕክምና ተጀምሯል። ከሀዋሳ ወደዚያ የሚጓዙ ጥንዶች ጥሪታቸውን አሟጠው ከመነሣታቸው በፊት፣ የባልየው ምርመራ በከተማቸው ሊጠናቀቅ ይገባል። ስለ መካንነት የሚቀርብ እያንዳንዱ የማሟያ ጽሑፍ ንድፍም አንድ ጥያቄ ይመልስ፦ ወንዱ የት አለ? መልሱ የሌለበት ንድፍ ለአማካሪው ከመጽደቁ በፊት ለተማሪው ይመለስ፤ የምርመራ ወረቀቱም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁለት ስም ይያዝ።